ቶም ኪልበርን፡ ለኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ መዝገብ ያበጁ ሊቅ

በእጃችን ያለው ስልክ ብዙ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ሲያከናውን የአንዱ መረጃ ከሌላው አይደባለቅም። ለዚህ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ቶም ኪልበርን ናቸው።

ኪልበርን እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1921 በዮርክሻየር፣ ዱዝበሪ ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በራዳር ምርምር ተቋም አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ከፍሬዴሪክ ዊሊያምስ ጋር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። ጁን 21 ቀን 1948 በዚያ የተሠራው ኮምፒውተር በራሱ ማህደረ ትውስታ የተቀመጠ ፕሮግራም በማስኬድ በዓለም ቀዳሚ ሆነ፤ ፕሮግራሙን የጻፉትም ኪልበርን ነበሩ።

በዚያ ዘመን ፈጣን ማህደረ ትውስታ ውድና ጠባብ ነበር፤ ሰፊው ደግሞ ዘገምተኛ። ፕሮግራም ጸሐፊው መረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው በገዛ እጁ ማመላለስ ነበረበት። ኪልበርንና ባልደረቦቻቸው ይህን ሸክም ለማሽኑ አስረከቡ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1962 የተመረቀው አትላስ ኮምፒውተር መረጃን 512 ቃላት በሚይዙ ገጾች ከፈለ። በፈጣኑ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ላሉት 32 የገጽ ቦታዎች 32 መዝጋቢዎች ቆሙ፤ እያንዳንዱም በቦታው የትኛው ገጽ እንዳለ ይይዛል። ገጽ በሚዘዋወርበት ጊዜ ፕሮግራም እንዳይነካው ይቆለፋል።

ነገሩ እንደ እህል መጋዘን ነው። ጆንያው ተነሥቶ በስፍራው የሌላ ሰው እህል ሲቀመጥ መዝገቡ ካልታረመ፣ አሮጌ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው የባልንጀራውን እህል ጭኖ ይሄዳል።

በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ችግሩ ረቅቋል። ዋናው መዝገብ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር በቅርቡ የተጠቀመባቸውን መስመሮች ቅጂ ለራሱ ይይዛል። ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት መዝገቡን ሲያርም፣ ቦታው ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት አሮጌዎቹ ቅጂዎች ሁሉ መሰረዛቸውን ማረጋገጥ አለበት። አንዱ ቅጂ ከተረፈ የአንዱ ሰው ምስጢር ለሌላው ይጋለጣል፣ መረጃውም ይበላሻል። ይህ ጥበቃ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬም መሐንዲሶችን ያደክማል።

ኪልበርን እ.ኤ.አ. በ1964 በማንቸስተር የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን መሠረቱ፤ በ1981 ጡረታ ወጡ። ጃንዋሪ 17 ቀን 2001 በ79 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የትምህርት ክፍሉ ሕንጻ በስማቸው ይጠራል።