ጄፍ ራስኪንና ለሰው የሚመች መሣሪያ ፍለጋ (1943–2005)

በኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ውስጥ የማሽንን ፍጥነት ለማሳደግ የደከሙ ሊቃውንት እጅግ ብዙ ናቸው። ማሽኑን ከሰው ልጅ አእምሮ ጠባይ ጋር ለማስማማት ዕድሜያቸውን ያዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም አንዱ አሜሪካዊው ጄፍ ራስኪን ነበር። ራስኪን የማኪንቶሽ ኮምፒዩተርን ሥራ በመጀመሩ ስሙ በሰፊው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ሲያልመው የነበረውን መሣሪያ፣ ይኸውም ማንም ሰው ብዙ ሳይቸገር ሊሠራበትና ይዞት ሊዞር የሚችለውን ቀላል ኮምፒዩተር፣ በገበያ ላይ ጸንቶ ሲቆም ሳያይ አልፏል። በክፍት የምንጭ ኮድ የሚሠሩ ስልኮችንና ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎችን ለማውጣት የሚጥሩ ባለሙያዎች የገጠማቸው እንቅፋት በአብዛኛው እርሱን አስቀድሞ የገጠመው በመሆኑ፣ የሕይወቱ ታሪክ ለሙያው ባልደረቦች ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ራስኪን የተወለደው ማርች 9 ቀን 1943 በኒው ዮርክ ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በስቶኒ ብሩክ በሚገኘው የኒው ዮርክ መንግሥታዊ ዩኒቨርስቲ ሒሳብና ፊዚክስ ሲያጠና፣ ፍልስፍናንና ሙዚቃን ደርቦ ተምሯል። በ1967 ከፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርስቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበለ። ለዚህ ማዕረግ ያቀረበው የጥናት ጽሑፍ፣ ከአንድ የተወሰነ ማሽን ጋር ሳይቆራኝ በኮምፒዩተር ሥዕል ለመንደፍ የሚያስችል ሥርዓትን የሚመለከት ነበር። ኮምፒዩተር የሒሳብ ማስያ ብቻ ተደርጎ ይታይ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ወጣቱ ተማሪ የማሽኑን ገጽታ የጥናት ርእስ ማድረጉ የኋላ ዘመኑን አቅጣጫ አስቀድሞ የሚያመለክት ነው።

ቀጥሎም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሙዚቃ ለማጥናት ገብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ሥነ ጥበብን፣ ፎቶግራፍንና ኮምፒዩተርን ወደ ማስተማር ተዛወረ። ሥራውን በለቀቀ ጊዜ በአየር ፊኛ ተሳፍሮ በዩኒቨርስቲው የበላይ ኃላፊ መኖሪያ ቤት ላይ በመብረር መሰናበቱን እንዳስታወቀ ይነገራል። ራስኪን ሙዚቃ የሚጫወት፣ የኦፔራ ቡድን የመራ፣ የሞዴል አውሮፕላን የሚነድፍ ሁለገብ ሰው ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ጣቶቹ ቦታቸውን ከለመዱ በኋላ አሳቡን በሙሉ ለዜማው እንደሚሰጥ ከራሱ ሕይወት ያውቅ ነበር።

በጃንዋሪ 1978 በ31ኛ ሠራተኝነት ወደ አፕል ኩባንያ ገባ። የተሰጠው ኃላፊነት የኅትመት ክፍሉን መምራት፣ በተለይም የመመሪያ መጻሕፍትን ማዘጋጀት ነበር። መመሪያ የሚጽፍ ሰው የመሣሪያውን ጉድለት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ያያል፤ አንድን ተግባር ለማስረዳት አሥር ገጽ የሚያስፈልግ ከሆነ ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የዕቃው ነውና። ራስኪን በ1979 ለኩባንያው መሪዎች ያቀረበው አሳብ ከዚህ አመለካከት የመነጨ ነው። ከሚወደው የፖም ዓይነት ስም በጥቂት የፊደል ለውጥ ማኪንቶሽ ብሎ የሰየመው ይህ ኮምፒዩተር፣ ዋጋው መጀመሪያ እስከ 500 ዶላር ድረስ እንዲወርድ፣ እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ተሰክቶ ወዲያው እንዲሠራና የአንዱ ማሽን ከሌላው እንዳይለይ የታሰበ ነበር። አንድ ዓይነት ማሽን በሚሊዮን ሲሸጥ የአንዱ ሰው ዕውቀት ለሌላው ይጠቅማል፤ የፕሮግራም ጸሐፊውም አንድ ጊዜ የሠራው ለሁሉም ይሆናል።

ርካሽነትን ከምቾት ጋር ማጣመር ግን ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያው ናሙና ሞቶሮላ 6809 በተባለው አነስተኛ ፕሮሰሰር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ኋላ በጣም ኃይለኛ በሆነው በ68000 ተተካ። በ1981 ስቲቭ ጆብስ ሥራውን በራሱ እጅ ሲያስገባ የሁለቱ ሰዎች አሳብ ሊጣጣም ባለመቻሉ፣ ራስኪን በ1982 ኩባንያውን ለቀቀ። ማኪንቶሽ በጃንዋሪ 24 ቀን 1984 ለሕዝብ ሲቀርብ ዋጋው 2,495 ዶላር ነበር። ስሙና አንዳንድ መሠረቱ የራስኪን ሲሆን፣ ገጽታው ግን በአብዛኛው የሌሎች ሆኖ ነበር።

የራስኪንን የኋላ ሥራ ለመረዳት ዋና አሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ በትኩረት የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ደጋግሞ የሠራውን ሁሉ ወደ ልማድ ይለውጣል። ስለሆነም ያው ቁልፍ ማሽኑ እንዳለበት ሁናቴ የተለያየ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ ሰው መሳሳቱ የማይቀር ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቀ የሚጽፍ ሰው፣ የፊደሉን ዓይነት መለወጥ ረስቶ ግማሽ መሥመር በማይፈለገው ፊደል ከጻፈ በኋላ ቀና ሲል የሚሰማው ብስጭት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ራስኪን ያቀረበው መፍትሔ፣ ሁናቴው ጣት ቁልፉን ተጭኖ እስከያዘ ድረስ ብቻ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ጣት ሲለቅ ማሽኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እጅም የሚያደርገውን ስለሚያውቅ አእምሮ አይዘናጋም።

ይህን አሳብ በተግባር ለማዋል በ1982 ኢንፎርሜሽን አፕላያንስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው በቅድሚያ በአፕል ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሰካ ስዊፍትካርድ የተባለ ካርድ አወጣ። ከዚያም ስዊፍት የሚባል ተንቀሳቃሽ ላፕቶፕ ሠራ። ይሁን እንጂ ትንሽ ኩባንያ ናሙና መሥራት ቢችልም፣ በብዛት ለማምረት ፋብሪካ፣ ካፒታልና የሽያጭ ድርጅት ያስፈልገዋል። ከዚህም የተነሣ ንድፉ በፈቃድ ለጃፓኑ ካነን ኩባንያ ተሰጠ፤ ካነንም በ1987 ካነን ካት በሚል ስም አወጣው። በመንገድ ላይ ግን መሣሪያው ተንቀሳቃሽነቱን አጥቶ የጠረጴዛ ዕቃ ሆነ፤ ለገበያ የቀረበውም በታይፕራይተር ሻጮች ክፍል በኩል ነበር።

ካት ማውዝም ሆነ በስክሪን ላይ የሚደረደሩ ሥዕላዊ ምልክቶች አልነበሩትም። ሁሉም ሥራ በአንድ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ይከናወን ነበር። በአውራ ጣት ከሚጫኑት ሁለት ልዩ ቁልፎች አንዱን ይዞ የሚፈለገውን ቃል ጥቂት ፊደላት መምታት፣ ጠቋሚውን ወደ ቃሉ ወደፊት ወይም ወደኋላ ያዘልለዋል። ማሽኑ ሲከፈትም ባለቤቱ ትቶት የሄደውን ገጽ ወዲያው ያሳያል። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ 20,000 ያህል ከተሸጠ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ምርቱ ቆመ። ለመቆሙ የተሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ የታይፕራይተር ገዢ ኮምፒዩተር ሆኖበት፣ የኮምፒዩተር ገዢም ታይፕራይተር መስሎት፣ ካት ከሁለቱም ልማድ ውጭ ቀረ። የልማድን ኃይል የመሣሪያው መሠረት ያደረገው ሰው በዚያው ኃይል ተሸነፈ።

ራስኪን ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ2000 ዘ ሂውሜን ኢንተርፌስ የተባለውን መጽሐፉን አሳትሞ፣ የተጠቃሚን ድካም በመቁጠርና በመለካት መገምገም እንደሚቻል አሳየ። በመጽሐፉም የተጠቃሚው ሥራ ከቶ ሊጠፋ እንደማይገባው፣ ማሽኑም እየደጋገመ እርግጠኛ መሆኑን ከሚጠይቀው ይልቅ የተሠራውን ስሕተት መመለስ እንዲችል ማድረግ እንደሚሻል አስረዳ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የጀመረው ሥራ፣ ኋላ አርቺ የተባለው ፕሮግራም፣ ካለፈው ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። የምንጭ ኮዱ ማንም እንዲያየውና እንዲማርበት በይፋ ወጣ። ሁለት ጊዜ ንድፉን በሌሎች እጅ አስረክቦ ሲለወጥበትና ሲቋረጥበት ያየ ሰው፣ ሦስተኛውን ለሁሉም ክፍት ማድረጉ አያስደንቅም። ሥራው ሳይጠናቀቅ ግን በቆሽት ካንሰር ታሞ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2005 በፓሲፊካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በ61 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ኤዛ ራስኪን ሥራውን ለጊዜው ቀጠለ።

ከሞቱ በኋላ የተከናወነው ነገር የልፋቱን ጥልቀት ይመሰክራል። በ2007 ኦፕንሞኮ የተባለው ቡድን ክፍት ስልክ ለፕሮግራም ሠሪዎች አቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የስልኩን ቅርፊት ንድፍና የወረዳ ሥዕል ሳይቀር ይፋ አደረገ። ሆኖም የሬዲዮ ክፍሉ ፕሮግራም ዝግ እንደሆነ ቀረ፤ የስልኩ ገጽታም በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ በመለዋወጡ ተጠቃሚው ልማድ ለማበጀት ፋታ አላገኘም። በ2009 የተከታዩ ስልክ ሥራ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በ2013 ለገበያ የበቃው የሞዚላ ፋየርፎክስ ስልክ በ2016፣ የኡቡንቱ ስልክም በ2017 ሥራቸው ቆሟል። ኮዱን ክፍት ማድረግ ዕውቀቱን ከመጥፋት ያድናል፤ ፋብሪካውን፣ የሬዲዮ ክፍሉንና የሻጩን መደብር ግን አይከፍትም። ከዚህም በላይ ብዙ እጆች የሚያዋጡበት ሥራ አንድ ወጥ ገጽታ እንዲኖረው የሚጠነቀቅለት ሰው ይሻል።

ጄፍ ራስኪን ይህን ችግር አልፈታውም። ሆኖም መሣሪያ ሲሠራ የመጀመሪያው መለኪያ የማሽኑ አቅም ሳይሆን የሰው ትኩረትና ልማድ መሆኑን በሥራው አስመስክሯል። ካት ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መጽሐፉ ግን ለሙያው ተማሪዎች እስከ ዛሬ ጠቃሚ ነው። አዲስ መሣሪያ የሚነድፍ ባለሙያ ከእርሱ ሕይወት የሚወስደው ትምህርት፣ ለሰው ልጅ ልማድ መጨነቅና የደከመበትን ዕውቀት ለተከታዮቹ ክፍት አድርጎ ማለፍ ነው።