ቅዱስ ያሬድ፦ ቀለም ያልዘለቀው ሕፃን፣ የዜማው መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ግንቦት 11 ቀን በደረሰ ቁጥር ስለ ሊቁ ቅዱስ ያሬድ ብዙ እንሰማለን። የሚነገረው ግን አብዛኛውን ስለ ድርሰቶቹና ስለ ሰማያዊው ዜማ ነው። የሕፃንነቱ ታሪክ በአንድ ትል ምሳሌ ተጠቅልሎ ቶሎ ይታለፋል። ለሕፃናት ዜማ የምናስተምር ግን ከሁሉ በፊት ልንቆምበት የሚገባን ይህ ክፍል ይመስለኛል።

ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። እናቱ ታውክልያ ትባላለች። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ እናቱ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበሩት ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን ከበደው፤ የሰማውን አይዝም፣ የያዘውንም ይረሳል። ጓደኞቹ አልፈውት ሄዱ፤ መምህሩም ገሠጹት፣ ገረፉት። በመጨረሻ ተማርሮ ሸሸና ማይ ኪራህ በተባለች ምንጭ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ሊበላ ስድስት ጊዜ ሲወጣ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ። ይህን አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ መምህሩ ተቀበሉት። የሸሸ ተማሪን በር ዘግተው ቢመልሱት ኖሮ የትሉ ምሳሌ ለማንም ባልተረፈ ነበር። ሕፃኑ በጸሎት ተግቶ ከዚያ ወዲያ መጻሕፍትን በአጭር ጊዜ ተማረ፣ ዲቁናንም ተቀበለ። አባ ጌዴዎን ሲያርፉም ገና በ14 ዓመቱ ወንበራቸውን ተረክቦ ማስተማር እንደ ጀመረ በትውፊት ይነገራል። ትናንት የተገረፈበት ጉባኤ ላይ መምህር ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከሰማይ የተሰጠውን ዜማ በአክሱም ጽዮን ካሰማ በኋላ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ይህ ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በቅድሚያ በጆሮ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ይመራል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ማታ ያለ መጽሐፍ ቃል ይቀጸላል። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ቢኖሩም ዜማውን አስቀድሞ ላልሰማ ሰው ጭረትና ነጥብ ናቸው። ስለዚህ ሕፃኑ ከመምህሩ አፍ ከራቀ የሚተካለት የለም።

በቆቦ ሜዳ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ ሊጠብቁ ማማ ላይ ይወጣሉ። በዚያ ወራት ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚቀሩት እነዚህ ናቸው። ሲመለሱ ሌሎቹ የያዙት መዝሙር ያልፋቸዋል። ዜማ ደግሞ እንደ ጽሕፈት ስሕተትን በደብተር ውስጥ አይሸሽግም፤ የሳተ ድምፅ ከሁሉ መካከል ይሰማል። ልጁ ያፍራል፤ ድምፁን ውጦ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በቀጣዩ እሑድ ካልመጣ ሰነፍ ነው ይባላል። እርሱን ለብቻው አስቀምጦ አንዷን ሐረግ ሰባት ጊዜ መድገም ጊዜ ይወስዳል፤ ለበዓል የሚዘጋጅ መዝሙር ሲጣደፍ ደግሞ ይህ ጊዜ የመጀመሪያው የሚቀነስ ነው። ጌዴዎንን ስናነብ ግርፋቱን ብቻ የወረስን ስንት ነን?

ቅዱስ ያሬድ ክብሩን ለቤተ መንግሥት አላዋለም። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በትረ ጦሩን በእግሩ ላይ ተከለበት፤ ሁለቱም ዜማው እስኪፈጸም አላወቁም። ንጉሡ የሚሻውን እንዲለምን ቢፈቅድለት የጠየቀው ከከተማ ወጥቶ በገዳም ለመኖር መሰናበትን ነበር። በጋይንት ያለችው ዙር አምባ፣ እስከ ዛሬ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነችው፣ ስሟ ከእርሱ ጋር ይነሣል። በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጸለምት በጾምና በጸሎት፣ ደቀ መዛሙርቱንም በማስተማር ኖረ፤ በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን በዚያው ተሰወረ።

የአባታችን የቅዱስ ያሬድ ረድኤትና በረከት አይለየን፤ አሜን።