የባርኔጣ መርፌ ያስነሳት መኪና

ባለፈው ነሐሴ ከጅማ ወደ አጋሮ ስጓዝ፣ ይቡን እንዳለፍኩ ዳገቱ ላይ መኪናዬ አንገራግራ ቆመች። ከአባቴ የወረስኳት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የጣሊያን ስሪት ስፖርት መኪና ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ወንድሜ ዕቃዋን ፈትቶ የሚቸረችር ገዢ አግኝቶላት ነበር። ስንጨቃጨቅ ከርመን በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን፤ አጋሮ እናታችን ዘንድ በራሷ ጉልበት ከደረሰች አትሸጥም፣ ተጎትታ ከገባች ትሸጣለች።

ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ከበበኝ። ቡና ለቃሚው፣ ባለሞተር ሳይክሉ፣ ጫት የያዘው ወጣት፣ የሰፈሩ ሕፃናት፣ ሁሉም በቅንነት ይመክሩኛል። ምክሩ ግን አንድ ነበር፤ መካኒክ ይጠራ። ሾፌሩ የት እንደሄደ የጠየቁኝም ነበሩ። ኮፈኗን ከፍቼ ካቻቢቴ ሳወጣ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። እውነት ለመናገር እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለችኝ፣ ከእኔ በፊት በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ የቆመች ሴት ናት። በርታ ቤንዝ።

በርታ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1849 ጀርመን ውስጥ ፎርዝሃይም በምትባል ከተማ፣ በአናጺነትና በግንባታ ሥራ ከበለጸገ አባት ተወለደች። አባቷ ዳግመኛ ሴት ልጅ በመወለዷ የተሰማውን ቅሬታ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስፍሮ እንደነበር ይነገራል። ያቺ ቅር የተሰኙባት ልጅ አድጋ ገንዘብ የሌለውን መሐንዲስ ካርል ቤንዝን ወደደች። የካርል አውደ ጥናት ከሸሪኩ ጋር ባለመግባባት ሊፈርስ ሲቃረብ፣ በርታ ከቤተሰቧ የሚደርሳትን የጋብቻ ገንዘብ ከሠርጉ አስቀድማ ተቀብላ የሸሪኩን ድርሻ ገዛችለት። የተጋቡት ከዚያ በኋላ፣ በ1872 ነው።

ተከትለው የመጡት ዓመታት የችግር ነበሩ። በ1879 የዓመት መለወጫ ዋዜማ ባልና ሚስት ወደ አውደ ጥናቱ ገብተው፣ ስንት ጊዜ እምቢ ያለው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ አብረው ሰሙ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ባለሦስት ጎማዋ መኪና በፓተንት ቁጥር 37435 ተመዘገበች፤ በካርል ስም ብቻ። መኪናዋ ግን ገዢ አላገኘችም። ሰው ይፈራታል፤ ካርል ደግሞ ማሻሻል እንጂ ማስተዋወቅ አይሆንለትም።

በርታ መፍትሔውን ለባሏ አላማከረችም። በኦገስት 1888፣ እሱ ተኝቶ ሳለ የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዛ መኪናዋን አስነሳች። ከማንሃይም ፎርዝሃይም እናቷ ዘንድ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ከሚሆነው ጥቂት ይበልጣል። በእኛ አቆጣጠር 1880 ዓ.ም. ክረምት መሆኑ ነው። ያኔ በጅማ ዳግማዊ አባ ጅፋር ነግሠዋል፤ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚጭኑት በአጋሰስ ነበር። ከካርል ቤንዝ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1844 የተወለዱት አፄ ምኒልክ መኪና ለማየት ገና ሃያ ዓመት ገደማ ይቀራቸው ነበር።

በጉዞው የገጠማት ችግር ዛሬ አሮጌ መኪና በግቢው ያቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። መጀመሪያ ነዳጅ አለቀ። ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ቪስሎክ ከተማ መድኃኒት ቤት ገብታ፣ ለልብስ ማጽጃ የሚሸጠውን ሊግሮይን የተባለ ፈሳሽ ገዛች። ከዚያ የነዳጁ ቱቦ ተደፈነ፤ የባርኔጣዋን መርፌ ነቅላ ጠረገችው። የእሳት ሽቦው ልባሱ ተልጦ እሳቱ ሲባክን ካልሲ ማሰሪያዋን ጠቀለለችበት። ሰንሰለቱ ሲላላ አንጥረኛ ጋ አቆመች። የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲለብጥበት አደረገች። ውኃው እየተነነ ስለሚያልቅ በየመንደሩ ትቀዳለች። ዳገቱን ደግሞ ልጆቿ ወርደው ገፉ።

እኔ ከዚህች ሴት የተማርኩት ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተል ጭምር ነው። ሞተር ሲጠፋ ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር እያሉ አንድ በአንድ ማየት እንጂ ያገኙትን ብሎን ሁሉ መፍታት ኪሳራ ነው። እሳት መኖሩን ለማወቅ አንዱን ካንዴላ አውጥቶ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ በሞተሩ ብረት ላይ ማስነካትና ሞተሩን ማዞር ነው፤ ገመዱን ግን በባዶ እጅ አይዙም፣ አካባቢውም ነዳጅ የፈሰሰበት መሆን የለበትም። ጅማን የመሰለ ዝናብ የማያጣው ከተማ ውስጥ፣ ጠዋት የማትነሳ መኪና ብዙ ጊዜ የምትፈልገው የዲስትሪቢዩተሯን ክዳን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰና ማርሚታው ጥቁር ጭስ ከተፋ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ካልተበላሸ ዕቃ ጋር የተጣልኩበት ቅዳሜም ብዙ ነው። ፍሬን ላይ ግን ድፍረት የለም። ያልተማመንኩበትን ፍሬን ይዤ ከግቢ አልወጣም።

ወደ ይቡው ዳገት ልመልሳችሁ። ሲጋራ የለኮሰውን ሰው ራቅ እንዲል ለመንኩት፤ ሞተሩ እስኪበርድም ጠበቅሁ። እሳቷ ደህና ነው። ከፓምፑ የሚወጣው ነዳጅም ደህና ነው። ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ ሳወጣት ከአሮጌው የነዳጅ ማጠራቀሚያ በመጣ ዝገት ተሞልታለች። መርፌም ሽቦም አልከተትኩባትም፤ ስስ ናትና ትቀደዳለች። በቤንዚን አጥቤ በጎማ መንፊያ ነፋሁባት። አሥር ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛልኝ ስለነበር አንድም አልጠፋም። ሳስነሳት ከኋላ ይስቁ የነበሩት አጨበጨቡ።

በርታ በዚያው ዕለት ሲመሽ ፎርዝሃይም ገብታ ለባሏ ቴሌግራም ላከች። ከቀናት በኋላም መኪናዋን እየነዳች ተመለሰች። ስለ ዳገቱ የነገረችውን ሰምቶ ካርል ተጨማሪ ማርሽ ሠራ። ዝናው ተሰማ፤ ገዢም መጣ። ኩባንያው በ1899 በዓመት 572 መኪና እያመረተ በዓለም ትልቁ ሆነ፤ በ1926 ከዳይምለር ጋር ተዋሐደ። ካርል በ1929 አረፈ። በርታ 95ኛ ዓመቷን በያዘችበት ቀን፣ ሜይ 3 ቀን 1944፣ ባሏ የተማረበት የካርልስሩኸ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ሴናተር አደረጋት። ከሁለት ቀን በኋላ ላደንቡርግ በሚገኘው ቤቷ አረፈች።

በየመንገዳችን የምናየው መርሰዲስ ቤንዝ የሚለው ስም ውስጥ መርሰዲስ የአንድ የመኪና ነጋዴ ሴት ልጅ ስም ነው። ቤንዝ የካርል ነው። በርታ የሚል ግን የለም።

አጋሮ ሳይመሽ ገባሁ። እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቀኝ ነበር፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን ግራሶ አይታ እጅሽን ታጠቢ ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀችኝም። ለወንድሜ ደወልኩለት። ከነገርኩት በኋላ ጥቂት ዝም አለና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማጠራቀሚያውን አውርደን ዝገቱን ስናጥብ እንዲመጣ ጠየቀኝ። ካቻቢቴው አንድ ብቻ ስለሆነ የራሱን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።