ማሪ ኪዩሪ፦ ፊዚክስ ለመማር 8 ዓመት የጠበቀች ልጅ

እኛ በአሽዶድ ሮቫ ሄ የምንኖር፣ እዚሁ እስራኤል የተወለድን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። የምንማረው በዕብራይስጥ ነው፤ አማርኛ የምንጽፈው በዚህ በቅርስ ክፍል ነው። ከመካከላችን ፊዚክስን ለባግሩት በ5 ዬሂዶት፣ ማለት በከፍተኛው ደረጃ ለመማር የቆረጥን አለን። አንዳንዶቻችን ግን ይከብዳችኋል፣ ሌላ ምረጡ ተብለናል። ስለዚህ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል ማሪ ኪዩሪን መረጥን።

ማሪ በ1867 እ.ኤ.አ. በፖላንድ፣ በዋርሶ ከተማ ተወለደች። የልጅነት ስሟ ማሪያ ስክዎዶፍስካ ነበር። ከአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ፤ እናቷም የሴቶች ትምህርት ቤት ይመሩ ነበር። ማሪያ 10 ዓመት ሲሆናት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ገንዘብ ያልነበረው፣ መጽሐፍ ግን የማይጠፋበት ቤት ነበር።

በዚያ ጊዜ ዋርሶን የምትገዛው ሩሲያ ነበረች። በትምህርት ቤት የሚማሩት በሩሲያኛ ነው፤ ፖላንድኛና የአገራቸውን ታሪክ የሚማሩት ተደብቀው ነው። ባለሥልጣኖቹ በትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ትምህርት እንዲቀር ስላደረጉ አባቷ ዕቃዎቹን ወደ ቤት አመጡ። ማሪያ የፊዚክስ መሣሪያ ያየችው ቤቷ ውስጥ ነው።

በ1883 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በወርቅ ሜዳሊያ ጨረሰች። ነገር ግን የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን አይቀበልም ነበር። እሷና ታላቅ እህቷ ብሮንያ በድብቅ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ በሚሰጥ ትምህርት ተማሩ። ሰዎች በራሪ ዩኒቨርሲቲ ይሉት ነበር።

ብሮንያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና መማር ትፈልግ ነበር። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ግን አልነበረም። ስለዚህ ተስማሙ። መጀመሪያ ብሮንያ ትሄዳለች፣ ማሪያ ሠርታ ትልክላታለች፤ በኋላ ደግሞ ብሮንያ ማሪያን ትረዳለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኼ ነው።

ማሪያ በ1886 ከዋርሶ ርቃ ሽቹኪ በምትባል ገጠር በአንድ ሀብታም ቤተሰብ ተቀጠረች። ቀን የቤቱን ልጆች ታስተምራለች። በትርፍ ጊዜዋ ለገበሬ ልጆች ፖላንድኛ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች፤ ይህ ቢታወቅ ያስቀጣ ነበር። ማታ ማታ ብቻዋን ታጠናለች። መጀመሪያ ሥነ ጽሑፍም ሌላ ትምህርትም ትወድ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ግን ከሁሉ የምትፈልገው ሒሳብና ፊዚክስ መሆኑን አወቀች።

ማሪያ ፓሪስ የገባችው በ1891 መጨረሻ ነው። የሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰች 8 ዓመት ሆኗት ነበር። በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ በሒሳብም ከሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ኋላ እንደቀረች አየች። ጣሪያ ሥር ባለች ትንሽ ክፍል ብቻዋን ኖረች። ክረምት ሲሆን ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ ትተኛ ነበር፤ ምግብም ስለሚያንሳት ደክማ የወደቀችበት ጊዜ አለ። በ1893 በፊዚክስ ዲግሪዋን ስትቀበል ግን ከሁሉም አንደኛ ወጣች። በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆነች።

በ1895 የፊዚክስ ሊቅ የሆነውን ፒየር ኪዩሪን አገባች። ሁለቱም ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ስለ ጨረር አጠኑ። በ1898 ሁለት አዲስ ንጥረ ነገሮች አገኙ። አንዱን ፖሎኒየም አሉት፤ በፖላንድ ስም ማለት ነው። ያን ጊዜ ፖላንድ ነፃ አገር ሆና በካርታ ላይ አልነበረችም። ሁለተኛው ራዲየም ነው። ብዙ ድንጋይ አፍልተውና አጣርተው በ1902 ያገኙት የራዲየም ጨው የ1 ግራም አሥረኛ ብቻ ነበር።

በ1903 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለፒየርና ለአንሪ ቤከሬል ብቻ ሊሰጥ ታስቦ ነበር። ፒየር ማሪም መግባት አለባት ብሎ ጻፈ። እሷም ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1906 ፒየርን የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ። ማሪ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ቢሆንም እሱ ያስተምርበት በነበረው ቦታ ገብታ በሶርቦን የመጀመሪያዋ ሴት አስተማሪ ሆነች። በ1911 ደግሞ በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራጅ የሚያነሱ መኪናዎች አዘጋጅታ ከልጇ ከኢሬን ጋር ቁስለኞችን ረዳች።

በ1934፣ በ66 ዓመቷ፣ ጨረር ባመጣባት የደም በሽታ ሞተች። ያን ጊዜ የጨረር ጉዳት በደንብ አይታወቅም ነበር። ደብተሮቿ ዛሬም ጨረር ስላለባቸው በእርሳስ ሣጥን ይቀመጣሉ።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሁለቱ ኖቤሎች ነው። እኛን የነካን ግን የእህትማማቾቹ ስምምነት ነው። ብሮንያ ቃሏን ጠብቃ ማሪያን ፓሪስ ተቀበለቻት። በ1932 በዋርሶ የራዲየም ተቋም ሲከፈትም የመጀመሪያዋ ኃላፊ ዶክተር ብሮንያ ነበረች። በእኛም ቤተሰቦች ታናሹ እንዲማር ታላቁ ቀድሞ ሥራ የገባበት ቤት አለ። ወላጆቻችን የፊዚክስ የቤት ሥራ ሊያሠሩን ባይችሉም፣ ሌሊት ሠርተው የሚከፍሉልን አሉ። ስለዚህ ፊዚክስ መማር የአንድ ሰው ምኞት ቢሆንም የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ተራ የሰጠን ሰው ካለ እኛም ተራ መስጠት አለብን። ደግሞም ማሪ በፈረንሳይኛ ተምራ የአገሯን ስም እንዳልረሳች፣ እኛም በዕብራይስጥ ፊዚክስ እየተማርን አማርኛችንን መያዝ እንችላለን።