ራስ መኮንን ወልደሚካኤል፦ የሐረሩ ገዥና የዓድዋው የጦር አዛዥ

በሐረር ከተማ ከጁገል ግንብ ውጭ በሚገኘው አደባባይ ለአሥርት ዓመታት በፈረስ ላይ ተቀምጠው ይታዩ የነበሩት የራስ መኮንን ወልደሚካኤል ሐውልት በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተቀሰቀሰው ሁከት ፈርሷል። በዐፄ ኃይለሥላሴ ዘመነ መንግሥት የዩጎዝላቪያው ቀራጺ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠራው ይህ ሐውልት ለአንዳንዱ የዓድዋ ጀግና መታሰቢያ ሲሆን፣ ለሌላው ደግሞ በጨለንቆ የወደቁ አባቶቹን የሚያስታውስ የሽንፈት ምልክት ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚያነሱት ታሪክ መነሻው የአንድ ሰው ሕይወት ነው።

ራስ መኮንን በግንቦት ወር 1844 ዓ.ም. በሸዋ ክፍለ ሀገር በመንዝ ውስጥ ደረፎ ማርያም በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደሚካኤል ጉዴሳ፣ እናታቸው ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው። በዚህም የዳግማዊ ምኒልክ የቅርብ ዘመድ ነበሩ። በ14 ዓመታቸው አባታቸው ወደ ምኒልክ ግቢ ወስደው አስረከቧቸው። የመኳንንት ልጅ በዚያ ዘመን ለወታደርነት የሚበቃው በዚህ መንገድ ነበር፤ በጌታው ደጅ አድጎ፣ ጋሻና ጦር ተሸክሞ፣ ግብርና ችሎት እያየ ሥራውን ይማራል። የወጣቱ መኮንን ዝምታና አስተዋይነት ከጉብዝናው ይልቅ የምኒልክን ትኩረት እንደሳበ የታሪክ ጸሐፍት ያወሳሉ።

የሐረር ታሪካቸው የሚጀምረው ከጨለንቆ ነው። ግብጻውያን ከተማዋን ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል ከያዙ በኋላ ሲወጡ፣ ሥልጣኑ ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰ። ንጉሥ ምኒልክ ወደ ባሕር የሚያወጣውን የንግድ መሥመር ለመያዝ ሲዘምቱ የአሚሩ ጦር በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ ገጠማቸው። በአሚሩ ወገን ሐረሪዎች፣ ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች ተሰልፈው ነበር። ውጊያው ረጅም ጊዜ አልፈጀም፤ በብዙ ሺህ ጠመንጃ የታጠቀው የሸዋ ጦር አሸነፈ። ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ መኮንንን የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው የሐረር ገዥ አድርገው ሾሟቸው። ሹመቱን ሲረከቡ ገና የ34 ዓመት ሰው ነበሩ።

የተረከቡት ሥራ ቀላል አልነበረም። የተሸነፈ ከተማ፣ የራሱ ሕግ፣ ቋንቋ፣ ገንዘብና የንግድ ሥርዓት ያለው ሕዝብ፣ እንዲሁም ደመወዝ የሌለው ሠራዊት በአንድ ላይ መምራት ነበረባቸው። የዘመኑ ወታደር በወር የሚቆረጥለት ገንዘብ አልነበረውም። እንደ ማዕረጉ የተወሰነ ቁጥር ያለው ገባር ይመራለታል፤ ገባሩም እህሉን ይሰፍርለታል፣ ማገዶውን ይሸከምለታል፣ ቤቱን ይሠራለታል። ከመንዝ፣ ከቡልጋና ከሌሎችም የሸዋ አውራጃዎች ብዙ ወጣት ጠመንጃ አንግቦ ወደ ሐረር የተከተላቸው ለጌታው ካለው ታማኝነት ባሻገር ይህንን ማደሪያ በማሰብ ጭምር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ ላለቀበት የደጋ ገበሬ ደግሞ ወታደርነት የረሃብ ማምለጫ ሆነ። ሸክሙ ግን በሐረርጌ ገበሬ ትከሻ ላይ አረፈ። በከተማዋም የዋናው መስጊድ ይዞታ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን መዋሉ በነዋሪው ዘንድ ቅሬታን ጥሎ አልፏል። የራስ መኮንን አስተዳደር ከብዙዎቹ የዘመኑ ሹማምንት ጋር ሲነጻጸር ለዘብ ያለና ለነጋዴው የተመቸ እንደነበር በከተማዋ ያለፉ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ ይሁንና የገባር ሥርዓቱን ክብደት ይህ ብቻውን አያቀለውም።

ሐረር ለምኒልክ መንግሥት ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆነች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በግመል ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጠመንጃ ይመለሳል። ገዥው ቀረጡን ይሰበስባሉ፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የግሪክ ነጋዴዎችን ያስተናግዳሉ። የጦር መሣሪያ ሲነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ከእርሳቸው ጋር ሒሳብ ከተሳሰቡት አንዱ ነው። በኋላ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ውጅግራ ብዙው በዚህ መንገድ የገባ ነበር።

የውጭ ሰዎችን ጠባይ ማወቃቸው ለዲፕሎማሲ ሥራ አሳጫቸው። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. እንደተፈረመ የልዑካን ቡድን እየመሩ ወደ ጣሊያን ተጉዘው በመስከረም 1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚህ ጉዞ የጣሊያንን ፋብሪካ፣ ወደብና የጦር ሠፈር በዓይናቸው አይተዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ ለጦርነት የተሰለፉበትን አገር አቅም ከኢትዮጵያ መሳፍንት መካከል ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሲመለሱ የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

በ1884 ዓ.ም. ሐምሌ 16 ቀን ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ተፈሪ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። እርሱም በኋላ ዐፄ ኃይለሥላሴ የተባለው ነው። ወይዘሮ የሺመቤት በ1886 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት አረፉ።

ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲያስነግሩ፣ ራስ መኮንን የሐረርን ጦር አስከትተው ወደ ሰሜን ገሰገሱ። አዋጁ አገርን፣ ሃይማኖትንና ቤተሰብን ከወራሪ ስለማዳን የሚናገር ሲሆን፣ ጉልበት እያለው የሚቀር ሰው ቅጣት እንደሚጠብቀውም ያስጠነቅቃል። እንግዲህ የዘማቹ ምክንያት አንድ ወጥ አልነበረም። አንዱ በእምነቱ፣ አንዱ በጌታው፣ አንዱ በማደሪያው፣ አንዱም በአዋጁ ዘመተ። ስንቁን የሚያዘጋጁት፣ ውኃ የሚቀዱትና ቁስለኛ የሚያነሱት ሴቶችና አሽከሮች በወታደር ቁጥር ውስጥ ባይገቡም ያለ እነርሱ ጦሩ አንድ ሳምንት አይሰነብትም ነበር።

ራስ መኮንን የመሩት ግንባር ቀደም ጦር ወደ 30 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ይህ ጦር ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ደመሰሰ። እንደሚነገረው ራስ መኮንን ከጠላት አዛዥ ጋር መልእክት እየተለዋወጡ ሳለ ፊታውራሪ ገበየሁ ያለ ትእዛዝ ውጊያውን ጀመሩ፤ ድሉ ቢገኝም ራስ መኮንን ሥነ ሥርዓት አፍርሰዋል ብለው ፊታውራሪውን አስረዋቸዋል። ድል ያመጣን ጀግና ማሰር በሠራዊቱ ዘንድ ማጉረምረም ማስከተሉ አልቀረም፤ ዳሩ ግን ያለ ትእዛዝ የሚዋጋ ጦር ነገ በሌላ ቦታ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አዛዡ ያሰቡ ይመስላል።

ቀጥሎ የመጣው የመቀሌው ምሽግ ነው። በእንዳ ኢየሱስ የሠፈረውን የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር በቀጥታ ለመድፈር በተደረገው ሙከራ ብዙ የኢትዮጵያ ወታደር በግንቡ ሥር ረገፈ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ከተያዘ በኋላ ግን ጠላት በጥር ወር እጁን ሰጠ። እስከ መሣሪያው እንዲወጣ ተፈቀደለትና የራስ መኮንን ጦር እስከ ጣሊያኖች ሠፈር አጅቦ ሸኘው። ወር ተኩል ሳይሞላም የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ሆነ።

ዓድዋ ላይ ከኢትዮጵያ ወገን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደቁ፤ ግምቶቹ ከአራት እስከ ሰባት ሺህ ይደርሳሉ። ፊታውራሪ ገበየሁ ከእነዚሁ አንዱ ናቸው። የእርሳቸው አጽም ከጊዜ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሶ በክብር ሲያርፍ፣ ተራው ዘማች ግን በወደቀበት ቀረ። ለእርሱ የተረፈው የቤተሰቡ ተዝካር፣ የአልቃሽ ሙሾና፣ ዕድል ከቀናው ማደሪያው ለልጁ መተላለፉ ነበር። ስሙን በድንጋይ ላይ መጻፍ የዘመኑ ልማድ አልነበረም። በጣሊያን ወገን ተሰልፈው የሞቱት የኤርትራ አስካሪዎች ደግሞ መታሰቢያቸው ከዚህም ያነሰ ነው። ብዙዎቹ በዚያው ክፉ ቀን ረሃብ ለወር ደመወዝ የተቀጠሩ ሲሆኑ፣ ከተማረኩት መካከል ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል።

ራስ መኮንን በበኩላቸው የድሉን ምስጋና በሕንጻ አቆሙ። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሥራች እርሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስለት ይዞ ወደዚያ ከሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው ቦታው ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ያለውን ግንኙነት አያስታውስም።

ከዓድዋ በኋላም ዕረፍት አላገኙም። በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በራስ መንገሻ ዮሐንስ ላይ ወደ ትግራይ ዘመቱ፤ ትግራይንም ለጥቂት ጊዜ አስተዳደሩ። በ1894 ዓ.ም. የንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛን በዓለ ንግሥ ለመካፈል ለንደን ሄዱ። ንጉሡ በመታመማቸው ሥነ ሥርዓቱ ወደ ነሐሴ ስለተላለፈ ቆይታቸው ረዘመ። በሐረር የዘመናዊ ሕክምና ሆስፒታል ያስገነቡትም በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ በአገሪቱ ከተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ተቋማት መካከል ይቆጠራል።

በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመው ወደ ቁልቢ ተመለሱ፤ በዚያም መጋቢት 13 ቀን በ53 ዓመታቸው አረፉ። ብዙዎች የምኒልክ አልጋ ወራሽ ይሆናሉ ብለው ይጠብቋቸው ነበር። አስከሬናቸው በሐረር ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ልጃቸው ተፈሪ በዚያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ።

የራስ መኮንን ስም ከሞታቸው በኋላ በውጭ አገር ጦር ሜዳም ተሰምቷል። የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነው። በ1943 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር ቃኘው ሻለቃ የተባለው ከዚሁ ስም ተወስዶ ነው። ስድስት ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን በተከታታይ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። እነዚህ ዘማቾች ከዓድዋው ወታደር በተለየ ሁኔታ ደመወዝተኛና በመዝገብ የሰፈሩ ስለነበሩ የእያንዳንዱ ሟች ስም ይታወቃል፤ በአዲስ አበባም በኮሪያዋ ቹንቾን ከተማም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በሐረር ራሷ በ1950ዎቹ የጦር አካዳሚ በሕንድ አሠልጣኞች እየታገዘ መኮንኖችን ሲያስመርቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት የሚገባው ለማደሪያ ወይም ለጌታ ሳይሆን ለሙያና ለማዕረግ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረርን በከበበ ጊዜ የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ደግሞ በአዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት ይታሰባሉ።

የጨለንቆ ሟቾችም አልተረሱም። በጨለንቆ ለሰማዕታቱ መታሰቢያ የተሠራላቸው በቅርብ ዘመን ቢሆንም፣ ሐረሪዎች ግን ያለ ሐውልት ለመቶ ዓመት አስታውሰዋቸዋል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጁገል ውስጥ ወደ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት የሚገባ እንግዳ፣ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ተለቅልቆ ያያል። በሐረሪዎች ዘንድ በትውልድ ቅብብሎሽ እንደሚነገረው ቀለሙ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ይወክላል። አፈሩ ሲደበዝዝ የቤቱ ሴቶች እንደገና ይለቀልቁታል። የራስ መኮንን መቃብር ደግሞ ከዚያው ግንብ ውጭ፣ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ ነው።