ዱክ ኤሊንግተን
ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን (እ.ኤ.አ. 1899–1974)፣ በቅጽል ስሙ «ዱክ»፣ አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቃ ደራሲ፣ ፒያኖ ተጫዋችና የባንድ መሪ ነበር። ተወልዶ ያደገው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። የልጅነት ሰፈሩ ዩ ጎዳና በዘር መድልዎ ከነጮች ሱቅና ቲያትር የተገለሉ ጥቁሮች የራሳቸውን ያቆሙበት ነበር፤ ዱክም ሙያውን የቀሰመው እዚያው ፑል ቤት ይውሉ ከነበሩ ፒያኖ ተጫዋቾች ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በሃርለሙ ኮተን ክለብ ገነነ። ክለቡ በጥቁሮች ሰፈር ቢገኝም ጥቁር ደንበኛ አያስገባም ነበር። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ተቀበለ፤ በዓመቱ አረፈ።

ዩ ጎዳና ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በ1968 በተነሳው ሁከት ተቃጥሎ ለዓመታት ተዘንግቶ ቆየ። በ1991 የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፈተለት፤ በኋላ ግን የቤት ዋጋና ኪራይ ናረና ብዙ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ለቀቁ። የሚገርመው፣ በ13ኛው ጎዳና ማዕዘን የተሠራው ውድ አፓርታማ «ዘ ኤሊንግተን» ተብሏል። በአካባቢው ምግብ ቤት ከከፈቱት ኢትዮጵያውያንም አንዳንዶቹ ኪራዩን ሸሽተው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሻግረዋል።