የንግሥት እሌኒ ሕይወትና የሴቶች ውክልና ጥያቄ

ታሪክ የነገሥታት ስም ዝርዝር አይደለም። ታሪክን የሚሸከመውና አቅጣጫውን የሚለውጠው ሠርቶ አዳሪው ሰፊ ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ታሪክን የመጻፍ ብዕር ለብዙ ምዕተ ዓመታት በቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዞች እጅ ስለ ቆየ፣ ሠሪው ሳይጠቀስ አሠሪው ሲወደስ ኖሯል። በዚህ የተዛባ ሚዛን ሁለት ጊዜ የተጎዳችው ሴት ናት፤ አንድም በሠሪነቷ፣ አንድም በሴትነቷ። የሴቶች ውክልና ጉዳይ በየሠፈር ማኅበሩና በየሥራ ቦታው ሲነሣ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሐሳብ አድርገው የሚያዩት ወገኖች አሉ። እኛ ግን የጥያቄው ሥር በገዛ ምድራችን፣ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ እንደሚገኝ ለማሳየት የአንዲትን ሴት ሕይወት እንመረምራለን።

ከሞጣ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከቢቸና በስተሰሜን፣ በእነብሴ ሳር ምድር መርጡለ ማርያም ትገኛለች። በዚህ ስፍራ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ ግን የጎጃም ተወላጅ አልነበረችም። የሐድያው ሙስሊም ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ስትሆን፣ ከ1434 እስከ 1468 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነገሠው የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ገባች። ሐድያ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር የምታስገባ ግዛት ነበረች። ስለዚህ ጋብቻው በዘመኑ እንደ ነበሩት የገዥዎች ጋብቻዎች ሁሉ የሁለት ግዛቶች ውል ነበር። በዚያው ዘመን የገራድ መሐመድ ልጅ ማሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ቢያምፅ ተሸንፎ ሕይወቱን አጣ። ግብር አስከፋዩ ቤተ መንግሥት የእሌኒ ትዳር፣ ግብር ከፋዩ ምድር ደግሞ የእሌኒ ትውልድ ነበረ።

የገባችበት ቤት ለሴቶች የምቾት ቤት አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ በጣዖት አምልኮ የጠረጠራቸውን የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ሳይቀር በግርፋት የቀጣ ንጉሥ ነው። ከሚስቶቹ አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጇን በእዳማርያምን ለማንገሥ አሲራለች በሚል ክስ ተገርፋ ሞታለች። በ1468 ዙፋኑን የወረሰው በእዳማርያም እናቱን በዚህ ሁኔታ ያጣ ሰው በመሆኑ እሌኒን እንደ እናቱ አድርጎ አከበራት። የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊም እሌኒን ያመሰግናታል። በምስጋናው ውስጥ ሕግ አዋቂነቷን፣ መጻሕፍትን መረዳቷንና የንግግር ችሎታዋን ሲቆጥር፣ የንጉሥ ማዕድ በማሰናዳት ያላትን ሙያ ከነዚሁ ጋር ጎን ለጎን ያሰፍራል። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ሕግ አዋቂ ወንድ ሲመሰገን ወጥ መሥራት ይችላል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሕግ አዋቂ ሴት ግን ምስጋናዋ ያለ ጓዳ ሙያ ሙሉ አልሆነላትም።

በእዳማርያም በ1478 ከሞተ በኋላ የመጡት ዓመታት የሁከት ዓመታት ነበሩ። እስክንድር በሕፃንነቱ በመንገሡ መኳንንቱ ለሥልጣን ተሻኮቱ። በ1494 እስክንድር ሲሞት የጦር አለቆች ለሁለት ተከፍለው ተዋጉ፤ በአንደኛው ወገን የተሾመው ሕፃን ንጉሥ ከወራት በላይ አልቆየም፤ በመጨረሻ ናዖድ ነገሠ። መሳፍንቱ ዘውድ ሲቀባበሉ የሚታረሰው የገበሬው በሬ፣ የሚበላው የገበሬው እህል ነበር። በዚህ ሁሉ መናወጥ መካከል ከመድረኩ ያልወረደች፣ የአራት ነገሥታትን መምጣትና መሄድ ያየች፣ የልምድ ባለቤት የሆነች ሰው እሌኒ ነበረች።

በ1508 ናዖድ ሲሞት ልብነ ድንግል የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ስለ ነበር፣ የመንግሥቱ ሥራ በእሌኒ እጅ ገባ። በዚያን ጊዜ ከአዳል በኩል የማሕፉዝ ወረራ በየዓመቱ ዐቢይ ጾምን እየጠበቀ ይመጣ ነበር። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ የግብፅ ማምሉኮችና ፖርቱጋሎች የንግድ መሥመሩን ለመያዝ ይዋጉ ነበር። እሌኒ የዓለምን የኃይል ሚዛን መዘነች። የሐድያ ልጅ እንደ መሆኗ የሙስሊሙን ጎረቤት የምታውቀው በጦር ሜዳ ወሬ ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያ የምድር ጦርና ስንቅ እንጂ መርከብ የላትም፤ ፖርቱጋል ግን መርከብ አላት። በዚህ ስሌት በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ንጉሥ ማኑኤል ላከች። የአገሪቱን ጥቅም በወታደራዊና በንግድ ስሌት ያቀረበ የዲፕሎማሲ ሥራ ነበር።

የመልእክቱ ዕጣ ስለ ውክልና ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ማቴዎስ በ1512 መጨረሻ ሕንድ ሲደርስ ከፖርቱጋል ሹማምንት ብዙዎቹ ሰላይ ወይም አታላይ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ወደ አውሮፓ ሲጓዝም የመርከብ አለቆች በብረት አሠሩት። ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። አውሮፓውያን ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትን የተረት ንጉሥ ሲፈልጉ ኖረው፣ አንዲት ጥቁር ሴት እኩል ለእኩል የምትደራደርበት ደብዳቤ ሲመጣላቸው በቀላሉ ሊያምኑ አልቻሉም። ኋላም ደብዳቤዋ በ1532 በአውሮፓ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ፣ የቀረበው በዚያው የተረት ንጉሥ ስም ጥላ ሥር ነበር። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የንዶንጎና የማታምባ ንግሥት ንዚንጋም በ1622 ሉዋንዳ ላይ ከፖርቱጋሎች ጋር ፊት ለፊት ከተደራደረች በኋላ፣ ከመሪነቷ ይልቅ ስለ ጭካኔዋ የሚያወሩ ታሪኮች በአውሮፓ ተሰራጩ። ጥቁር ሴት ወይ ተረት ትሆናለች፣ ወይ አውሬ ትደረጋለች፤ አገር የምትመራ ሰው ሆና እንድትታይ ግን አይፈቀድላትም።

የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ሲደርሱ ማቴዎስ አብሯቸው ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልብነ ድንግል ማሕፉዝን አሸንፎ ስለ ነበር የአሮጊቷን ሥጋት እንደ ከንቱ ቆጠረው። እሌኒ በ1520ዎቹ መጀመሪያ ዐረፈች። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ ሕዝቡ መሞቷን ሰምቶ በብርቱ እንዳዘነ ጽፏል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ተነሣ። መርጡለ ማርያምም ጠፋች። ከፖርቱጋል 400 የሚያህሉ ወታደሮች የደረሱት በ1541 ሲሆን፣ እነሱን ተቀብላ አብራ የዘመተችውም ሌላ ሴት፣ የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል ነበረች።

እንግዲህ እሌኒን እናወድስና እንለፍ? አይደለም። እሌኒ የገዥው መደብ አባል ነበረች። አልቫሬሽ እንደሚመሰክረው የጎጃም ግዛት የእርሷ ነበር። እርሱ ያየው የጎጃም ግብርም በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ፈረሶች፣ ወርቅና ብዙ የጥጥ ልብስ ነው። ስለዚህ የጥጥ ልብስ ቆም ብለን እናስብ። በአገራችን ባህል ሸማኔው ወንድ ቢሆንም፣ ጥጡን ነድፋ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት። ከእነብሴ እስከ እነማይ በሌሊት የተፈተለው ፈትል በግብር መዝገብ ላይ በቁጥር ገባ፤ የፈታዮቹ ስም ግን አልገባም። ለመርጡለ ማርያም ግንበኞች ዱቄት የፈጨችውም ሴት እንደዚሁ ስም የላትም። ዙፋን ላይ አንዲት ሴት በመቀመጧ ወፍጮ ሥር የተንበረከኩት ሴቶች ቀና አላሉም። ውክልና የጭቁኗን ሸክም ካላቀለለ ጌጥ ብቻ ነው።

ይህም የሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ማግሥት፣ በ1968 የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊሄድ ነው ብለው ተነሡ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም ገበሬው አልተንበረከከም፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሣ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ስለዚያ ዐመፅ በተጻፈው ውስጥ በስም የምናገኛቸው በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ገበሬው በየገደሉ ሲከርም ስንቁን ማን እንዳሰናዳ፣ ቤቱንና ከብቱን ማን እንደ ጠበቀ ለማወቅ ግን ነቢይ መሆን አያሻም። በአገር ደረጃም ቢሆን ሴት በምርጫ ምክር ቤት የገባችው በ1957 በስንዱ ገብሩ ሲሆን፣ ይህም እሌኒ ደብዳቤዋን ከላከች ከ440 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ሴት አገር የመምራት ችሎታዋ ዛሬ የሚፈተን አዲስ ነገር አይደለም፤ የሐድያዋ ልጅ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አስመስክራዋለች። ሁለተኛ፣ አንዲትን ሴት ከፍ አድርጎ ሌሎቹን በጓዳ ማስቀረት ፍትሕ አይደለም። የማኅበር አባላትና ሠራተኞች በየስብሰባችሁ ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ማን ተናገረ፣ ማን ወሰነ፣ ማን ደግሞ ቡና አፍልታ ሳትናገር ተመለሰች ብላችሁ ጠይቁ። ጸሐፌ ትእዛዙ የዘለለውን ስም የመጻፍ ኃላፊነት ዛሬ ብዕር በያዘ ሁሉ ላይ ወድቋል።